«መቼ ጠፋች?»

በደብረ ብርሃን ለአሽከርካሪዎችና ለወጣት መካኒኮች የተደረገ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ውርጭ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የታክሲ ሹፌሮች አላችሁ። የአይሱዙ ሹፌሮች አላችሁ። ሙያውን ገና የምትማሩ ልጆችም ከኋላ አያችኋለሁ። ወደፊት ቅረቡ፣ ቦታ አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት መኪናው ጠዋት ተነስቶ የጠፋበት ማን ነው? እጃችሁን አንሱ። አያችሁ? ብዙ ነን።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ጭራሽ አልነሳም ስለሚል መኪና አላወራም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የኛ ጉዳይ ተነስቶ የሚጠፋው ነው። ቁልፉን ታዞራለህ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ተመስገን ትላለህ፤ ወዲያው ድርግም ይላል። እንደገና ታስነሳለህ፣ እንደገና ይጠፋል። ደጋግመህ ስትሞክር ባትሪውም ይደክማል። ተሳፋሪ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅ ትምህርት ቤት ይረፍድበታል። ጭነት ይዘገያል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ሞተር ብርድ ላይ ለምን እንደሚቸገር። ሁለተኛ፣ የጠፋችበትን ሰዓት እያየን በሽታውን እንዴት እንደምናገኘው። ሦስተኛ፣ እኛው በገዛ እጃችን ስለምናመጣው ጣጣ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ገንዘባችሁ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ትላለች። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለን ሰዎች ነን፤ ስለ ብርድ የሚነግረን አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይገባል። ጠዋት የመኪናውን መስታወት ከአመዳይ ትጠርጋላችሁ። ከፍታው ብርድ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ አየሩንም ያሳሳዋል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው።

ሞተር የሚኖረው አየርና ነዳጅ ቀላቅሎ ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር። ይህ የሞቀ ሞተር ሒሳብ ነው። ብርድ ላይ ይህ ሒሳብ አይሠራም። ለምን? ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ አይቃጠልም፤ መጀመሪያ መትነን አለበት። ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲረጭ ብዙው ሳይተን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል። ዘይቱ ደግሞ ወፍሯል፤ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ይከብደዋል። ስለዚህ ተጨማሪ አየርም ይፈልጋል። ተጨማሪ ቤንዚን፣ ተጨማሪ አየር። እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝ። በብርድ ተነስታ የምትጠፋ የቤንዚን መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን አጥታ ነው።

ሰማያዊና ነጭ ላዳ የነዳችሁ አባቶች ታስታውሳላችሁ። ቾክ ትስቡ ነበር። ቾኩ ሲሳብ አየሩ ይታፈናል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሚኒሞውም ከፍ ይላል። ልጆች፣ ሚኒሞ የምንለው ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን ፍጥነት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን ቀስ እያላችሁ ትመልሱ ነበር። ወሳኙ ሹፌሩ ነበር። በአሁኖቹ ቪትዝና ኮሮላ ወሳኙ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ብርድ መሆኑን በምን ያውቃል? ሞተሩ ውሃ ውስጥ በተተከለች አንዲት ትንሽ የሙቀት ሴንሰር። እሷ የነገረችውን ያምናል። የተሳሳተ ከነገረችው ነዳጁንም የሚሰጠው ተሳስቶ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንግባ። እዚህ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ሰው ጋራዥ ሲመጣ ምን ይለኛል? «መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ትጠፋለች፣ ካንዴላ ቀይርልኝ» ይለኛል። ካንዴላ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የምታቀጣጥለው ናት። ካንዴላ መሆኑን ማን ነገረህ? ጎረቤት። የጎረቤት መኪና በካንዴላ ድና ይሆናል። ያንተስ? ሌላው «የነዳጅ ፓምፕ ነው አሉኝ» ይላል። ሌላው ባትሪ ገዝቶ ይመጣል። በዚህ ኑሮ ውድነት! እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መቼ ጠፋች? ቁልፉን ስትለቅ ነው? ተነስታ ትንሽ ቆይታ ነው? ነዳጅ ስትረግጥ ነው? ማርሽ ስታስገባ ነው? መንገድ ከጀመርክ በኋላ ነው? መቼ ጠፋች? ይህን ሳልሰማ ኮፈን አልከፍትም። ልጆች፣ እናንተም አትክፈቱ።

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። የት አደረች? ውጭ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? ይህ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ መኪናው የናፍጣ ነው። «አንዳንድ ቀን ተነስታ ትጠፋለች፣ አንዳንድ ቀን ደህና ናት፤ ምንም ሥርዓት የላትም» አለኝ። የት ስታድር ነው ደህና የምትሆነው አልኩት። አሰበ፣ አሰበ። ሸዋ ሮቢት ስታድር ደህና ናት። ደብረ ሲና ስታድርም ብዙ ጊዜ ደህና ናት። እዚህ ስታድር ትጠፋለች። ሥርዓትማ ነበራት! ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ሌሊቱ ይሞቃል። እዚህ ሲበርድ ያረጀው የነዳጅ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በማሰሪያው ዙሪያ አየር ያስገባል። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ጋኑ ይመለሳል። ጠዋት ፓምፑ ውስጥ በቀረችው ትነሳለች፣ እሷ ስታልቅ አየር ይመጣል፣ ትጠፋለች። ከፊልትሮው ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ገጠምን። ጠዋት ሲያስነሳት አረፋው ሲያልፍ በዓይናችን አየነው። ላስቲኩና ማሰሪያው ተቀየረ። ዳነች። የከበደው ነገር አየሩ የሚገባበትን ማግኘት ነበር፤ ጥገናው ግን የላስቲክ ዋጋ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አይደለም፣ ልመና ነው። መኪናዋን አሳድሩልን። የብርድ በሽታ በቀትር አይታይም። እናንተ ጠዋት ታግላችሁ ታስነሷታላችሁ፣ እስክትሞቅ ትጠብቃላችሁ፣ በአራት ሰዓት ሙቅ መኪና ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እኔ ምን ልይ? ደህና ናት። መካኒኩ ምንም ስለማያገኝ በግምት ይቀይራል። ግምቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ማታ አምጧት፣ ውጭ ትደር፣ ጠዋት በ12 ሰዓት ማንም ሳያስነሳት እንይ።

አንዲት መምህርት ነበሩ፤ ኮሮላ ነበረቻቸው። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ ካንዴላ ተቀይሮላቸዋል፣ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮላቸዋል፣ ባትሪ ገዝተዋል። መኪናዋ አሁንም ጠዋት ተነስታ ትጠፋለች። እትዬ፣ መቼ ነው የምትጠፋው አልኳቸው። «ተነስታ ትንሽ ትንገዳገዳለች። ነዳጅ ስረግጥ ታፍናለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ጭስ የላትም። ከሞቀች እንደ አዲስ ናት» አሉኝ። አስተዋይ ሴት ናቸው፤ ይህ አነጋገራቸው ግማሹን ሥራ ሠራልኝ። ነዳጅ ስትረግጥ ማፈን፣ ጥቁር ጭስ አለመኖር፣ ሲሞቅ መዳን። ሦስቱ ሲደመሩ ምን ይላሉ? ሞተሩ ብርድ ላይ ቤንዚን አንሶታል ይላሉ።

መኪናዋ አደረች። ጠዋት ሳናስነሳት ቁልፉን ብቻ ከፍተን የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካን። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሙቀት 4 ዲግሪ ይላል። የሞተሩ ውሃ ሙቀት 76 ዲግሪ ይላል። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ሞተር! ከላይ አመዳይ አለ፣ ከውስጥ 76 ዲግሪ ይሆናል? ኮምፒውተሩ ይህን አምኖ ሞተሩ ሞቋል ብሎ ተጨማሪውን ቤንዚን ከለከለ። ሴንሰሯን ነቅለን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለካናት። እንዲህ ያለች ሴንሰር በብዙ ቶዮታዎች ላይ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ታሳያለች፤ ሲበርድ ከዚያም ይጨምራል። በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ትወርዳለች። ይህቺ በዚያ ብርድ ገና ከ400 ኦም አልወጣችም። ሴንሰሯ ተቀየረች። አለቀ።

ልጆች፣ ይህን ጻፉልኝ። ያደረች መኪና ላይ የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ምንም አይደለም። የ20፣ የ30፣ የ70 ዲግሪ ልዩነት ካያችሁ ሌላ ነገር አትንኩ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚል ካያችሁ ደግሞ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ወልቋል ማለት ነው። ይህ ምርመራ የሚወስደው ደቂቃ ነው። ምንም አይነቀልም። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ባይበራም ሥሩት፤ ሴንሰሯ ጨርሳ ካልተበላሸች ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ መብራት አያበራም።

አሁን ሰዓቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቁልፉን ስትለቅ ወዲያው የምትጠፋ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ ሲያዞራት ትነሳለች፤ እጅህን ከቁልፉ ስታነሳ ትጠፋለች። ይህቺ ብርዱ አልበዛባትም። ቁልፉ ወደ ኋላ ሲመለስ ኤሌክትሪኩ መድረስ ያለበት ቦታ አይደርስም። የቁልፍ ቤቱን መገናኛ ተመልከቱ፤ በአሮጌ ቶዮታዎች የነዳጅ ፓምፑን የሚያበራውን ሪሌ ተመልከቱ። ተነስታ በአንድ ሁለት ሴኮንድ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የስርቆት መከላከያዋን መብራት እዩ። ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ቁልፉን አላወቀችውም። ካንዴላ ብትቀይር፣ ፓምፕ ብትቀይር አትሰማህም። ሌላ ቁልፍ ካለህ ሞክር።

ተነስታ ሚኒሞው ቀስ እያለ ወርዶ ወርዶ የሚጠፋ፣ ትንሽ ነዳጅ ከረገጥክላት ግን የማትጠፋ። ይህ በኛ ከተማ በጣም የማየው ነው። በእግርህ የሰጠሃት ምንድን ነው? አየር ነው። አየር ስትሰጣት ዳነች፤ እንግዲህ ያጣችው አየር ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሚኒሞው በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ከፍ ማለት አለበት፤ ሲሞቅ ወደ 700 ገደማ ይወርዳል። ጠዋት ከፍ ሳይል በቀጥታ ከታች ከጀመረ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ትሮትል ቦዲ ክፈቱ። ጥቁር ካርቦን ዙሪያውን ይዞት ታገኛላችሁ። የሚኒሞ ቫልቭ ያላቸውም ቫልቩ በካርቦን ይጣበቃል። በማጽጃው ስፕሬይና በለስላሳ ጨርቅ አጽዱ። ትሮትሏ በኤሌክትሪክ የምትንቀሳቀስ ከሆነች ቁልፉ ተከፍቶ እያለ በጣት አትግፏት። ከጸዳ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ቢዋዥቅ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ይማራል።

ነዳጅ ስትረግጥ የምታፍነዋ የመምህርቷ መኪና ናት። ሴንሰሯ ደህና ከሆነች ወደ አየር ስርቆት ሂዱ። ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለ ማንኛውም የላስቲክ ቱቦ ከተሰነጠቀ ኮምፒውተሩ የማያውቀው አየር ይገባል። ብርድ ላስቲኩን ያኮማትረዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ስንጥቁ ይገጥማል። ለዚህ ነው ቀትር ላይ የማይገኘው። ፉጨት አድምጡ። ውሃ በመርጫ ቱቦዎቹ ላይ እርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ እሱ ነው። አንዳንዱ ካርቡራተር ማጽጃ ይረጫል። ሥራውን ይሠራል፣ ግን ይቃጠላል። የጋለ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ፣ አጠገብ አትርጩ። ፊታችሁ ይቃጠላል፣ መኪናዋም ትቃጠላለች። በውሃ ከተገኘ እሳቱን ለምን ትነካላችሁ?

ስካነር ላይ ፒ 0171 የሚል ኮድ ካያችሁ አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ኮዱ ይህን ብቻ ነው የሚለው። «ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር» አላለም። ብዙ ሰው ግን ይህን ኮድ አይቶ ደህናውን ኦክስጅን ሴንሰር ይጥላል። ኮድ ወዴት ማየት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ምን መግዛት እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ደህና ዕቃ የወጣለት ሰው መኪናው ሳይድን ነው የሚሄደው።

አየሩም ሴንሰሯም ደህና ከሆኑ የነዳጅ ግፊት ይለካ። በብዙ ቪትዞች ላይ ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል መሆን አለበት። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ከ147 በታች መውረድ የለበትም። መለኪያ የሌላችሁ ሹፌሮች ይህን ሞክሩ። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆዩ፣ ዝጉ፣ እንደገና ክፈቱ። በብዙ መኪኖች በከፈታችሁ ቁጥር ፓምፑ ለአጭር ጊዜ ይሠራል። እንዲህ አድርጋችሁ ስታስነሱ ካልጠፋች ግፊቱ ሌሊት ያመልጣል ማለት ነው። ይህን ለመካኒካችሁ ንገሩት።

የቤንዚን ሽታና ጥቁር ጭስ ያለባት የተገላቢጦሽ ናት። በዝቶባታል። ሴንሰሯ ከእውነተኛው በላይ ብርድ ነው እያለች ይሆናል፤ ወይም ቤንዚን የሚረጨው ኢንጄክተር ሌሊቱን ያንጠባጥባል። ካንዴላዎቹን ስትፈቱ ርሰው ታገኟቸዋላችሁ። ካንዴላ መልስ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከመጣሉ በፊት አንብቡት። ኢንጄክተር ያላት መኪና ቤንዚን ሲያፍናት ነዳጅ መርገጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ አዙሯት፤ ብዙዎቹ መኪኖች በዚህ ጊዜ ቤንዚኑን ያቋርጣሉ፣ ሞተሩ ይደርቃል። እንደ ላዳ ቤንዚንና አየር በካርቡራተር የምትቀላቅል ላይ ግን ነዳጁን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ ትብስባችኋለች።

ተነስታ ደህና ቆይታ መብራት ሲበራ ወይም አውቶማቲኳ «ዲ» ስትገባ የምትጠፋ፣ መጀመሪያ ሚኒሞዋን፣ ከዚያ ባትሪና ዲናሞዋን እዩ። ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞቶሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከተነሳች በኋላ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚህ ውጭ ስለ ባትሪ አልጨምርም።

የናፍጣ ሹፌሮች አልረሳኋችሁም። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አፍኖ በሙቀት ነው የሚያቃጥለው። ብርድ ላይ ያን ሙቀት የምታግዘው ካንዴሌታ ናት። ከአራቱ አንዷ ወይም ሁለቷ ከሞቱ ሞተሩ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ይጠፋል። ነጩ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። በቴስተር ለኳቸው፤ ደህናዋ ከ2 ኦም በታች ታሳያለች፣ የሞተችው ምንም አታነብም። ቁልፉን ከፍታችሁ የካንዴሌታዋ መብራት እስክትጠፋ ታገሡ። ጥቂት ሴኮንድ ነው። የፊልትሮውን ውሃ ደግሞ በየጊዜው አፍስሱ፤ በዚህ ከተማ የፊልትሮ ውሃ ሌሊት በረዶ ይሆናል።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ፤ ካርቡራተር ላላችሁ ብቻ ነው። ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ጉም ውስጥ ትገባላችሁ። መኪናዋ ከቤት ደህና ተነስታ፣ ደህና ሄዳ፣ ጉሙ ውስጥ ጉልበት ታጣለች፣ ትጠፋለች። ጥግ ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ኮፈን ትከፍታላችሁ፣ ምንም የለም። ጥቂት ቆይታችሁ ስታስነሷት እንዳልነበረ ትነሳለች። ሹፌሩ ግራ ይገባዋል። ቤንዚን ሲተን ካርቡራተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የጉሙ እርጥበት ጉሮሮው ላይ በረዶ ይሠራል። ስትቆሙ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል። ላዳ ለዚህ መድኃኒት ይዛ ነው የተሠራችው። የአየር ማጣሪያዋ የበጋና የክረምት አቀማመጥ አለው፤ በክረምቱ ከማርሚታው አጠገብ የሞቀ አየር ትስባለች። ያን የሞቀ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ምን አደረግነው? ነቅለን ጣልነው።

መንቀል ካልኩ ሦስተኛው ነገር ላይ ደርሻለሁ። ይህኛው በጣም ያሳስበኛል።

ቴርሞስታት። ቴርሞስታቷ ያልተነቀለ መኪና ያለው ማን ነው? መኪና አንድ ቀን ይግላል፣ መካኒኩ «ይቺ ናት ውሃውን የምትይዘው» ብሎ ነቅሎ ይሰጣችኋል። ትኩሳቱ የቀነሰ ይመስላል። ግን ቴርሞስታት ለምን ተሠራች? ሞተሩ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ልትይዝ ነው። ስትነቀል ውሃው ገና ከመጀመሪያው በራዲያተሩ ይዞራል፣ በኛ ነፋስ ይቀዘቅዛል። ሞተሩ ዘንድሮም አይሞቅ! ኮምፒውተሩ ብርድ ነው ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን እየሰጠ ይቀጥላል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ይጨምራል፣ ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ይገባል። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የምትጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት የሌላት ናት። ቆላ ላይ የነቀሉት ሰዎች ነገሩን ላያዩት ይችላሉ። እኛ ደብረ ብርሃን ነን። እባካችሁ አስመልሷት። መኪናው የሚግልበትን እውነተኛ ምክንያት ደግሞ ፈልጉ፤ የተደፈነ ራዲያተር ሊሆን ይችላል፣ የማይሠራ ማራገቢያ ሊሆን ይችላል።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፤ ብረት ይሰነጥቃል። ዝገቱ ደግሞ ያቺን የሙቀት ሴንሰር ይሸፍናታል። ኩላንት የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እንኳ አይረጋም። የኛን ብርድ በቀላሉ ይችለዋል።

ዘይት። አዋሽ ላይ ለሚሠራ መኪና የሚመከረውን ወፍራም ዘይት እዚህ አትጨምሩ። የቪትዝ መመሪያ 5ደብሊው-30 እያለ 20ደብሊው-50 የሚሞላ አለ። ደብሊው ያለበት ቁጥር የብርዱን ጠባይ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ይቀጥናል። ወፍራም ዘይት ሞቶሪኖውን ያደክማል፣ የተነሳውንም ሞተር ይጎትታል።

ቤንዚን። በየመንገዱ በጄሪካን ከሚሸጠው ተጠንቀቁ። ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ደግሞ በብርድ ቶሎ አይተንም፤ መጀመሪያ ላይ ስለ መትነን ያልኩትን አስታውሱ። አዲስ ነዳጅ በሞላችሁ ማግስት የጀመረ መጥፋት ካለ ይህን ጠርጥሩ። ጋኑን ባዶ አድርጋችሁ አታሳድሩ፤ ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበት ሌሊት ውሃ ይሆናል።

ከመጨረሴ በፊት ስለ ሰው ሕይወት ልናገር። መኪናዋ ትጠፋለች ብላችሁ በር በተዘጋ ጋራዥ ወይም ከመኝታ ቤት በተጣበቀ ግቢ ውስጥ እያስነሳችሁ አታሙቁ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ልጆች ውስጥ ተኝተው መኪና በር ላይ አስነስቶ የሚያሞቅ አባት አያለሁ፤ ልቤ ይሸበራል። ወደ ውጭ አውጧት። ደህና መኪና ለረጅም ጊዜ ቆሞ መሞቅም አያስፈልገውም። ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱ። እየሄደ ቶሎ ይሞቃል። ብዙ ማሞቅ ካስፈለጋት በሽታ አለባት፤ አሳዩአት።

ወንድሞቼ፣ የቀረኝ አንድ ማስታወቂያ ነው። አዘጋጆቹ ግቢውን ፈቅደውልናል። ዛሬ ማታ የምትጠፋ መኪና ያላችሁ አምጥታችሁ አሳድሯት፤ ጥበቃ አለ። ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት ስካነርና ቴስተር ይዤ እመጣለሁ። ልጆች፣ እናንተም ኑ፤ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የናፍጣም የቤንዚንም ይሁን። ባለቤቱ መቼ እንደምትጠፋ ጽፎ መስታወቱ ላይ ይለጥፍልን፣ ከዚያ እንጀምራለን። ከእኛ በፊት ግን ማንም ቁልፍ እንዳያዞር። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከምትቆሙት ልጆች እንጀምር።